አርባ ሦስት በሰባት

የዲፈረንሻል ዘይት ሽታ ከእጅ አይለቅም። የሞተር ዘይት ታጥቦ ይሄዳል፤ የዲፈረንሻሉ ግን ድኝ ድኝ የሚል፣ አፍንጫን ሰንፍጦ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ሽታ አለው። ጥርስ ከጥርስ ሲፋተግ ብረቱ እንዳይበላ ድኝ ያለበት ቅመም ስለሚጨመርበት ነው። በናፍታ ታጥበህ፣ በአመድ ፈትገህ፣ በሳሙና ደግመህ፣ ማታ ወደ ገበታው እጅህን ስትሰድ ሽታው ቀድሞህ ይደርሳል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በዚያ ክረምት «ይህን እጅ ይዘህ መሶቤን እንዳትነካ» እያለች በገዛ እጇ ታጎርሰኝ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ጎረምሳ በእናቱ እጅ ሲጎርስ ጓደኞቹ ቢያዩት ያፍራል፤ ማንም በሌለበት ግን እንዴት ደስ ይል እንደነበር ለአንተ ለወዳጄ ልንገርህ።

ነገሩ የሆነው ኮምቦልቻ ነው፤ በ1975 ዓ.ም. ክረምት። አባቴ የአሰብ ሾፌር ነበር። ያኔ የአሰብ ሾፌር መሆን በሰፈሩ ዘንድ ማዕረግ ነው። መኪናው ገና ከባቲ በኩል ሲመጣ ድምፁን ከሩቅ ለይተን እንሮጣለን፤ የጋቢናው በር ሲከፈት ላብ፣ ሲጋራና የባሕር ጨው አንድ ላይ ሆነው ያውዱናል፤ ከመቀመጫው ሥር ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቴምር ይወጣል። አባዬ ቀድሞ የሚጠይቀው እኛን አልነበረም። መጀመሪያ ጎማዎቹን በእግሩ እየመታ መኪናዋን ይዞራታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጎንበስ ብሎ የሚስመን። ልጅ ሳለሁ ይህ ነገር ቅር ይለኝ ነበር። ዛሬ ግን ይገባኛል፤ ወደ እኛ ያደረሰችውን ማመስገኑ ነበር።

መኪናዋ አፍንጫ ያላት ጀርመን ሠራሽ ነበረች። አባቴና አጎቴ ገንዘብ አዋጥተው አሮጌዋን ነው የገዟት። ሞተሯ ጤነኛ ነው፤ ጭስ አታበዛም፣ ዘይት አትበላም። አንድ ጣጣ ግን ነበረባት፤ አትነሳም። ጭነት ይዛ ከቆመችበት ለመንቀሳቀስ ትቸገራለች፤ ማርሽ ሲቀየርላት ፍጥነት እስክታነሳ ዕድሜ ይፈጃል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ነፍሷ ትወጣለች። ሜዳ ላይ ስትለቀቅ ግን የሚደርስባት የለም። ለካስ የኋላ ጥርሷ የተቆረጠው ለሜዳ አገር ኖሯል።

መንገዱን ካላወቅህ ጣጣው አይገባህም። ከአዲስ አበባ እስከ አሰብ 880 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው መንገድ። ከአሰብ ስትነሳ ከባሕር ወለል ነው የምትነሳው። እስከ ሚሌ ያለው አብዛኛው ገላጣ በረሃ ነው። ከዚያ ወደ ባቲና ወደ ኮምቦልቻ ትወጣለህ፤ ወጣሁ ስትል በከሚሴ አድርገህ ሸዋ ሮቢት ቆላ ትመለሳለህ። ዋናው ያለው እዚያ ነው። ከሸዋ ሮቢት ደብረ ሲና፣ ከደብረ ሲና ጣርማ በር፤ ዋሻው አፍ ላይ ስትደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ነህ። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይጎድላል። ሞተር ደግሞ ናፍታውን የሚያነደው በአየር ነውና አየሩ ሲጎድል ጉልበቱም አብሮ ይጎድላል። ዳገቱ በበረታበት ቦታ ሞተሩ ይደክማል፤ ይህን ያላየ ሰው ሾፌሩን ይወቅሳል።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባዬ አንዳንዴ ይዞኝ ይሄድ ነበር። አንድ ሌሊት ከደብረ ሲና በላይ፣ ጉሙ መብራታችንን ውጦት፣ መኪናዋ ሦስተኛ ማርሽ አልይዝ አለች። አባዬ ወደ ሁለተኛ አወረዳት፤ ሁለተኛውም ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወደ አንደኛ ለመመለስ ፍሪሲዮኑን በረገጠበት ቅጽበት ቀጥ አለች፤ ቆማም አልቀረች፣ ወደ ኋላ ትንሸራተት ጀመር። ረዳታችን የአክስቴ ልጅ ነበር፤ ለእናቱ አንድ ልጅ። ታኮውን ታቅፎ ከስፖንዳው ዘለለ። እርጥቡ አስፋልት አንሸራትቶት በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ተነስቶ አልሮጠም፣ እየዳኸ ደርሶ እንጨቱን ከኋላው ጎማ ሥር ገፋው። ጎማው እንጨቱ ላይ ሲወጣ የተሰማው የመሰንጠቅ ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ እጁ ነው የተሰበረው ብዬ ነበር። ጋቢናው በተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ ተሞላ። አባዬ የእጅ ፍሬኑን እንደያዘ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በጉሙ ውስጥ ስሙን ጠራው። «አቤት ጋሼ፣ አለሁ!» የሚል ድምፅ ሲመጣ አባቴ ግንባሩን መሪው ላይ አስደገፈ። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም ነበር።

ኮምቦልቻ በተመለስን ማግሥት ቀጥታ ጋራዥ ሄደ። ዋናውን መካኒክ እኛ የሰፈሩ ልጆች ጋሼ እንለው ነበር፤ ወጣት ሳለ ከጣሊያኖች ጋር የሠራ፣ ቱታው ከዘይት ብዛት ብቻውን የሚቆም፣ ድምፁ ግን ቀስ ያለ ሰው ነበር። አባዬ ሌሊት የሆነውን ነገረው። ጋሼ ስለ ሞተሩ አንድም አልጠየቀም። ከኋላ ገብቶ ተንጋለለና የዲፈረንሻሉን ሆድ በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

«ይህቺ አርባ አንድ በስምንት ናት» አለ ሲወጣ። «አርባ ሦስት በሰባት ብናደርጋት ትወጣለች። ግን ሜዳው ላይ ታለቅሳለህ።»

አባዬም እንዲህ አለው፤ «ሜዳ ላይ ቢመሽብኝ ዳር ይዤ አድራለሁ። አቀበት ላይ ወደ ኋላ ከጀመረችኝ የት አድራለሁ?»

ነገሩ በዚህ ተቆረጠ።

እኔ ያን ክረምት በጋሼ እጅ እንድውል የተላክሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቁጥሩን ያስረዳኝም እሱ ነው። ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚመጣው ዘንግ ጫፍ ላይ ፒኞን አለ፤ ትንሿ ጥርስ። ፒኞኗ የምታዞረው ትልቁን ክብ ጥርስ፣ ኮሮናውን ነው፤ ኮሮናው ደግሞ ጎማውን። ኮሮናው 41 ጥርስ፣ ፒኞኑ 8 ከሆነ፣ ጎማው አንድ ዙር እንዲዞር ዘንጉ አምስት ጊዜ ከጥቂት መዞር አለበት። 43 በ7 ሲሆን ግን ስድስት ጊዜ ከጥቂት ይዞራል። ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት በአንድ አምስተኛ ያህል ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ደግሞ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል። «በረጅም ዘንግ ድንጋይ ስትፈነቅል አስበው» አለኝ፤ «ድንጋዩ ይነሳልሃል፤ እጅህ ግን ብዙ መንገድ ይሄዳል። ሞተሩ ያው ሞተር ነው። እኛ የምንለውጠው እጁ የሚሄድበትን መንገድ ነው።»

ጥርሱ የተገኘው አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ገንዘቡ የእናቴ ዕቁብ ነበር፤ ያን ጊዜ ነው የደረሳት። ለቤት ቆርቆሮ ያሰበችውን አውጥታ ለአጎቴ ስትሰጠው አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ የአክስቴን ልጅ ጉልበት ላይ ያለውን ቁስል ግን በየማታው የምታጥበው እሷ ነበረች። ጋሼ አጎቴን ሲሸኘው አደራ ያለው አንድ ነገር ነው። ኮሮናና ፒኞን ፋብሪካ ውስጥ አንድ ላይ ተፋጭተው፣ አንድ ቁጥር ተቀርጾባቸው የሚወጡ ጥንዶች ናቸው፤ «ቁጥራቸው ካልገጠመ በነፃም ቢሰጡህ እንዳትቀበል። አንዱን ከአንዱ ሬሳ አውጥተው ያጋቡልሃል፤ ወር ሳይሞላ ይበላላሉ» አለው። አጎቴ ሶማሌ ተራን ሲያዳርስ ሰንብቶ፣ በዘይት ወረቀት የተጠቀለለ ጥንድ በእንጨት ሣጥን ይዞ በአውቶቡስ መጣ። ጋሼ ወረቀቱን ገልጦ መጀመሪያ ያየው ቁጥሩን ነው። ከዚያ የጥርሱን ጎን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና «ይሆናል» አለ። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምርቃት ነው።

ሥራው የተሠራው ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። መኪናዋ በክሪክ ተነስታ ወፋፍራም ግንድ ተደገፈላት። አሮጌው ዘይት ጥቁር ሆኖ ወረደ፤ ሽታው ያን ጊዜ ነው እጄ ላይ የገባው። ሁለቱ ሰሚያሶች ከግራና ከቀኝ ተመዘዙ፤ ዘንጉ ከፒኞኑ ተፈታ፤ የዲፈረንሻሉ ልብ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ኩሽኔታዎቹ ተቀየሩ። እስከዚህ ድረስ ጡንቻ ያለው ሁሉ የሚሠራው ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የጋሼ ብቻ ነበር፤ እኔም አፌን ከፍቼ ያየሁት እሱን ነው።

ፒኞኑ ወደ ኮሮናው ምን ያህል ይጠጋ? በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ምን ያህል ይሁን? ጋሼ ክፍተቱን በመለኪያ ለክቶ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ካገኘ በኋላ፣ መለኪያውን አስቀምጦ ኮሮናውን በጣቶቹ ወዲያና ወዲህ ይነቀንቀዋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ። ከዚያ ቀይ ቀለም በዘይት በጥብጦ በቀጭን ብሩሽ ጥቂት ጥርሶች ላይ ይቀባል። የእኔ ሥራ ፒኞኑን ማዞር ነው፤ እሱ ኮሮናውን በእንጨት ተጭኖ ያከብደዋል፣ ጭነት እንዳለበት። ስናቆም ቀለሙ በተነካበት ቦታ ይለቅና የብረቱ ንጣት ይወጣል። ንጣቱ የጥርሱ ሥር ላይ ከወረደ ፒኞኑ ከልክ በላይ ጠልቋል፤ ጫፉ ላይ ከወጣ ርቋል። መሐሉ ላይ፣ ሞላ ብሎ መቀመጥ አለበት። ካልተቀመጠ ሁሉም እንደገና ይፈታል፤ ስስ የብረት ቀለበት ይጨመራል ወይ ይቀነሳል፤ እንደገና ይታሰራል፤ እንደገና ይቀባል።

እኔ በልጅ ልቤ ቸኮልሁ። አባዬም ውጭ ቆሞ ሲጋራውን ያቀጣጥላል፤ መኪና ቆማ በዋለች ቁጥር እንጀራ ይቆማል። ጋሼ ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ ያንን ስስ ቀለበት ደግሞ ያወጣዋል። በስተመጨረሻ ንጣቱ እያንዳንዱ ጥርስ መሐል ላይ ቁጭ ሲል፣ ጋሼ ክንዴን ይዞ ጎንበስ አደረገኝና «አየህ? ይህን አስታውስ» አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ፤ ቀይ ቀለም መሐል ላይ የበራ ንጹሕ ብረት።

ለሙከራ ወደ ባቲ መንገድ ወጣን፣ ባዶዋን። ጋሼ ጋቢና አልገባም፤ ከኋላ፣ ልክ ከዲፈረንሻሉ በላይ ወለሉ ላይ ተኛና ጆሮውን ጣውላው ላይ አደረገ። አባዬ ነዳጅ ሲሰጥ የሚጮኽ ከሆነ አንድ ችግር ነው፤ እግሩን ሲያነሳ የሚጮኽ ከሆነ ሌላ። መኪናዋ አልጮኸችም። ይልቅ ከቆመችበት ስትነሳ ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። አባዬ ሁለተኛ አስገባ፣ ሦስተኛ አስገባ፤ ማርሹ ገና እንደገባ ትጎትታለች። ሳቀ። ያለ ምክንያት የማይስቅ ሰው መሪውን እንደያዘ ብቻውን ሳቀ። ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ጋሼ ጣውላውን ደበደበና አስቆመን፤ ወርዶ የዲፈረንሻሉን ሆድ በመዳፉ ነካ፤ ለእኔም አስነካኝ። ሞቋል፣ አያቃጥልም። አዲስ ጥርስ እስኪስማማ ይሞቃል፤ መጀመሪያ ላይ ቀለል ያለ ጭነት፣ እየቆሙ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ዘይቱን ቶሎ መለወጥ ነው ብሎ ለአባዬ ነገረው። አባዬም ቃል በቃል ፈጸመው።

ሜዳው ላይ ያለው ልቅሶ ግን እውነት ነበር። ቀድሞ 80 የምትሄደው መኪና አሁን በዚያው የሞተር ዙር 67 ላይ ትቆማለች። ከሚሌ በታች ባለው በረሃ ሞተሩ እየጮኸ፣ ሙቀቱ እያነደደን፣ ተሳቢ የሚጎትቱት ኤንትሬ መኪኖች ሳይቀሩ ጡሩምባ እየነፉ ያልፉናል። ሜዳው ላይ ናፍታም ይበዛል። አሰብ ዘግይተን እንደርሳለን፤ ዘግይቶ የደረሰ ወደብ ላይ ተራ ይጠብቃል። የፍጥነት ቆጣሪውም ተዛብቶ ነበር፤ የሚቆጥረው ከካምቢዮው ስለሆነ ጥርሱ መለወጡን አያውቅም። 60 ሲል እውነቱ 50 ነው። አባዬ ቆጣሪው መስታወት ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፈና ትክክለኛውን ቁጥር በየአንጻሩ እንድጽፍለት ብዕር ሰጠኝ። የእኔ የልጅነት የእጅ ጽሑፍ እዚያ መስታወት ላይ ብዙ ዘመን ኖረ።

ከዚያ የረሃቡ ዓመት፣ 1977፣ መጣ። ይህን ዓመት ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የእርዳታ እህል በአሰብ ወደብ ይገባል፤ ከአሰብ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ሰሜን፣ በቅፍለት፣ ወታደር ከፊትና ከኋላ ሆኖ። አባዬም ተመደበ። አንድ ጊዜ ይዞኝ ሄደ፤ እናቴ አትሂድ ብላ አልቅሳ ነበር። ከአላማጣ ወደ ቆረም የሚያወጣውን ግራ ካሕሱን ያየህ ታውቀዋለህ፤ ተራራው ላይ እየተጠማዘዘ፣ ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያስወጣሃል። መኪናዋ ስንዴ ተሸክማ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳትንገዳገድ፣ ያለ ታኮ ወጣች። የአክስቴ ልጅ ከስፖንዳው ላይ አልወረደም። ቆረም ላይ ያየሁትን እዚህ አልዘረዝርም፤ በብርዱ ውስጥ መሬት ላይ የተቀመጠ ሕዝብ፣ የልጆቹ ዝምታ፣ የጭስና የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ። አባዬ ጆንያው ተራግፎ ሲያልቅ ስፖንዳው ላይ የፈሰሰውን ስንዴ በእጁ እየጠረገ፣ ፍሬ ሳያስቀር፣ ለሴቶቹ ቀሚስ ላይ አፈሰሰላቸው።

ያልጠበቅነው በረከት የመጣው ግን ቁልቁለት ላይ ነው። ከደሴ ወደ ሐይቅ፣ ወይም ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ጭነት ይዘህ ስትወርድ ፍሬን ብቻ ካመንህ ፍሬኑ ይግላል፤ ሲግል ይከዳሃል። በቅፍለቱ ውስጥ ከፊታችን ከሚወርዱት መኪኖች የሚመጣው የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ጋቢናችን ድረስ ይገባ ነበር። የእኛዋ ግን እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ሞተሩ ራሱ ይዞ ያስቀራታል። ጉልበት ወደ ጎማው አንድ አምስተኛ ጨምሮ የሚሄድ ከሆነ፣ ጎማው ሞተሩን ልግፋ ሲልም ሞተሩ በዚያው ልክ ጨምሮ ይመልሰዋል። እኛ የለመንነው ለዳገት ነበር። አባዬ ይህን ሲረዳ መሪውን በመዳፉ መታ አደረገና «ለካ ለመውረድም ኖሯል» አለኝ። በዚያ መንገድ ገደል የገቡትን የሥራ ባልደረቦቹን ስም አንድ በአንድ ሲጠራ የሰማሁትም ያን ቀን ነው።

ዘመን ሄደ። ደርግ ሄደ። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። አባዬ ያኔ ዓይኑ ደክሞ፣ መኪናዋን ሸጦ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሚያልፉትን መኪኖች በድምፃቸው ይለይ ነበር። ያረፈ ዕለት ለቅሶው ላይ ሾፌሮች ተሰበሰቡ። «ቆጣሪውን ስንት ጊዜ አዙሮ ጨርሶታል» እያሉ የሄደውን ኪሎ ሜትር አነሡ። ቆጣሪው ለአምስት ኪሎ ሜትር ስድስት ይቆጥር እንደነበር የማውቅ እኔ ነበርሁ። ዝም አልሁ። አባቴ በሕይወቱ የሄደው መንገድ በሰዎች አፍ ጥቂት ቢረዝምለት ማንን ይጎዳል? ከጎኔ የተቀመጠው የአክስቴ ልጅ፣ ፀጉሩ ሸብቶ፣ የልጅ ልጁን አቅፎ፣ ጉልበቱን ይደባብስ ነበር።

አሁን ወጣት ሾፌሮች ሲያገኙኝ «አነሳሷ ደካማ ነው፤ ሞተር ላስለውጥ?» ይሉኛል። እኔም በጋሼ መንገድ መልሼ እጠይቃቸዋለሁ፤ ኮሮናው ስንት በስንት ነው? የምትሄዱትስ በየት በኩል ነው? ከጋላፊ እስከ ሚሌ ብቻ ለሚመላለስ ሰው የአባቴ ጥርስ ዕዳ ነው፤ ናፍታውን ይጨርሳል፣ ቀኑን ይበላል። ጣርማ በርን ወይም ግራ ካሕሱን ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው ግን ሌላ ነው። ሞተሩ የሚሰጥህ ያንኑ ነው፤ በዳገቱ ላይ የምታገኘውን በሜዳው ላይ ትከፍላለህ፤ ልትከፍል ፈቃደኛ ከሆንህ ጥንዱ ቁጥሩ የገጠመ ይሁን፣ ቀይ ቀለም ቀብቶ የሚያይ መካኒክ ፈልግ፣ ከዚያም ሲያልፉህ አትናደድ። አባቴ በየሜዳው ከፍሏል። ሲጸጸት ግን አንድም ቀን አልሰማሁትም።